ከጢሱ በስተኋላ የነበረው ሰው

ሥራዬ ምን እንደሆነ ለሰው አስረድቼ የተሳካልኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቆመን ሳለ፣ ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ሽማግሌ አንድ እሑድ ጠጋ ብለው፣ “ጽጌ፣ የቀለም ሥራ ትሠሪያለሽ አሉኝ” አሉ።

“አዎ፣ እዚያው አካባቢ ነኝ።”

“እንግዲያው ቤዝመንቴን ቀቢልኝ። ነጭ ይሁን። ሁለት እጅ ከጠጣ ይበቃዋል።”

“ጋሽ ተፈራ፣ የእኔ ሥራ መቀባት አይደለም። የቆየ ሥዕል ነው የማጸዳው። የተቀደደውን እጠግናለሁ፣ የቆሸሸውን አነሳለሁ።”

ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ “ታዲያ ካጸዳሽው በኋላ አትቀቢውም?” አሉኝ።

የዚያን ቀን ሳቅሁ። ግን የእሳቸው ጥያቄ የሙያችን ትልቁ ጥያቄ ነው። እኔንም በአሥራ ስምንት ዓመት ሥራዬ ውስጥ አጥብቆ የጠየቀኝ አንድ ሥዕል ነው፤ እሱም የመጠጥ ቤት ሥዕል። ባለፈው ዓመት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ስለ ታላላቅ ሥዕሎች የማወራለት ይመስለዋል። ታላላቆቹንም ነክቻለሁ። ነገር ግን የሥራ ዘመኔን ላውራ ብዬ ስቀመጥ አፌ ላይ የሚመጣው ያ መጠጥ ቤት ነው።

አሜሪካ ስመጣ ላንግሊ ፓርክ ከጓደኛዬ ከአልማዝ ጋር አንድ አፓርትመንት ተካፍለን ገባን። አልማዝ በሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራ ነበር፤ እኔንም አስገባችኝና ሁለት ዓመት አልጋ አነጠፍሁ። ከዚያ ዊተን አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ገባሁ። ወገቤ እምቢ ሲል የቢሮ ጽዳት አገኘሁ፤ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ፣ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ሕንፃ ነው። በአውቶቡስ፣ ከዚያ በሁለት ባቡር እደርሳለሁ። ሺፍቴ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይጀምር ነበር።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሥዕል መጠገኛ ስቱዲዮ ነበረ። ባለቤቷ ሚስ ኢልዘ ይባላሉ፤ ኦስትሪያ የተወለዱ፣ አጭር፣ ፀጉራቸውን እንደ ወንድ የተቆረጡ፣ ያኔ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ለሁለት ዓመት ያህል ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። አንድ ቀን ከጠረጴዛቸው ሥር ስጠርግ በመጥረጊያው ጫፍ ቀይ ነገር አየሁ። ከጤፍ ፍሬ ብትበልጥ ትንሽ ነው። አንስቼ ነጭ ወረቀት ላይ አኖርኋት፤ የወደቀችበትን ቦታ በጠመኔ ከበብሁ፤ የቀረውንም ወለል ሳልጠርግ ትቼ ሄድሁ።

በማግስቱ ሚስ ኢልዘ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ተባረርሁ ብዬ ነበር።

“ጠመኔው ለምንድን ነው?” አሉኝ።

“ከየት እንደወደቀች ማወቅ የሚፈልጉ መስሎኝ።”

“ማን አስተማረሽ?”

“ማንም። ዕቃ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ‘የት አገኘሽው?’ ብሎ ነው።”

ከአንዲት ሴት ምስል ከንፈር ላይ የረገፈች ቀለም ኖራለች። የዚያኑ ዕለት ከንፈሯ ላይ መልሰው ሲለጥፏት ቆሜ አየሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ረዳታቸው አድርገው ቀጠሩኝ። ደሞዙ ከጽዳቱ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ አልማዝም “ከመጥረጊያ ወደ ብሩሽ፣ ይሄ ደግሞ ምን እድገት ነው?” ብላ ሳቀችብኝ።

ሚስ ኢልዘ ሥዕል ሲመጣላቸው ወዲያው እጃቸውን አያሳርፉበትም። ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ፤ ሻያቸውን ከድነው አጠገባቸው ያኖራሉ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ያዩታል። ከዚያ ደብተር አውጥተው ገጹን ለሦስት ይከፍሉታል። አንዱ “የማየው”፣ ሁለተኛው “የሚመስለኝ”፣ ሦስተኛው “የማላውቀው” ነው። “ሦስተኛው ከሁለቱ ካልረዘመ ሥዕሉን ገና አላየሽውም” ይሉኝ ነበር። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሁለተኛውን ነበር የምሞላው።

ሲያጸዱም የራሳቸው ሕግ አላቸው። የተጠቀለለ ጥጥ ከሱቅ አይገዙም፤ በቀጭን የቀርከሃ እንጨት ጫፍ ላይ ራሳችን እንጠቀልላለን። ለቀላል እድፍ ከምራቅ የሚሻል የለም። ጥጡን በምራቅ ያርሱና ሥዕሉ ላይ ያንከባልሉታል እንጂ አይፈትጉም። ዐቢይ ጾም ሲገባ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ስለማልቀምስ አፌ ይደርቃል። ይህን ስነግራቸው፣ “ትንሽም ቢሆን ቡና ያልነካው ነው። ከእግዚአብሔር የተረፈውን ለእኔ ስጪኝ” አሉኝ።

ሥዕሉን እንዲጠብቅ ከላይ የተቀባው፣ ያረጀ ቫርኒሽ ግን በምራቅ አይለቅም፤ የሚያሟሟ ፈሳሽ ይፈልጋል። እዚያ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የተጠቀምንበትን ጥጥ ሁሉ በመስታወት ብልቃጥ እናጠራቅም ነበር። ግራጫ ከሆነ አቧራ ነው፤ ቢጫ ከሆነ ቫርኒሽ ነው። “ሌላ ቀለም ያየሽ ቀን እጅሽን አንሺ” ይሉኝ ነበር።

የመጠጥ ቤቱ ሥዕል በአምስተኛው ዓመቴ መጣ። ያመጡት ሚስተር ሬይ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። እዚያው አሌክሳንድሪያ ተወልደው ያደጉ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ጥቁር አሜሪካዊ። ደብዳቤ ሲያድሉ በኖሩበት ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ምሳቸውን እዚያ፣ በዚህ ሥዕል ሥር ተቀምጠው በልተዋል። ምግብ ቤቱ ሲዘጋ ባለቤቱ ከግድግዳው አውርዶ፣ “ካንተ በላይ ያየው የለም” ብሎ ሰጣቸው።

“ዋጋ እንደሌለው አውቃለሁ” አሉን። “ሠዓሊውንም የሚያውቀው የለም። የምፈልገው ጥርት እንዲልልኝ ብቻ ነው። ዓይኔ ግላኮማ አለበት፤ ከዳር እየጠበበ መጥቷል። ሐኪሙ ምን ያህል ጊዜ እንደቀረኝ ሊነግረኝ አልቻለም። ገና ሳይ በደንብ ልየው።”

ሥዕሉ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ወርዱ ሁለት ክንድ ይሆናል። የመጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ሦስት ሰዎች ካርታ ይጫወታሉ፤ ሁለት ወንዶች ብርጭቆ ያጋጫሉ፤ በርሜል ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ቫዮሊን ይመታል፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይጨፍራሉ፤ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ተኝቷል፤ አንዱ ምድጃው አጠገብ ፒፓ ያጨሳል። መሃል ላይ በሁለት እጇ ሁለት ማንቆርቆሪያ የያዘች አስተናጋጅ አለች። ሚስተር ሬይ ምሳቸውን ሲበሉ ይቆጥሯቸው ነበር፤ አሥራ አንድ ናቸው። በግራ በኩል በሩ ያለበት ጥግ ጨለማ ነው። የሠዓሊው ፊርማ እዚያ፣ በበሩ ጉበን ላይ ተጽፏል።

ሚስ ኢልዘ እንደ ልማዳቸው ሰዓቱን ጨረሱና ወደ እኔ ዞሩ። “ምን ታያለሽ?”

ይህ ሥዕል የእኔ ዓለም ነበር። እናቴ ጉለሌ ጠላ ትሸጥ ነበርና እኔ ያደግሁት ጠጪ መሃል ነው። ማን ሰክሮ እንደሚያለቅስ፣ ማን ሰክሮ እንደሚመታ ከአቀማመጡ አውቃለሁ። “ሴትየዋ የያዘችውን አታይም፤ ካርታ ተጫዋቾቹን ነው የምታየው” አልኋቸው። “ሊጣሉ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚነሳ እየጠበቀች ነው። እናቴ ጠብ ሲሸታት መጀመሪያ ብርጭቆ ነበር የምትሰበስበው።”

ሚስ ኢልዘ ፈገግ ብለው ደብተሩን ወደ እኔ ገፉት። “በዚህ ሥዕል አንቺ ትበልጪኛለሽ። አንቺ ጻፊ።”

ደስ አለኝ። ጻፍሁ። ሁለተኛው ዓምድ ሞላ፤ ሦስተኛው ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነበረ።

ሦስት ሳምንት ያህል አብረን ሠራን። የአስተናጋጇ ሽርጥ ቡናማ የመሰለን ነጭ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ሚስ ኢልዘ ዳሌያቸውን ለመታከም ሐኪም ቤት የሚገቡበት ቀን ደረሰ። “ከምድጃው ወገን ቀጥዪ” ብለውኝ ሄዱ። “የበሩን ወገን እኔ ስመጣ እናየዋለን።”

የምድጃውን ወገን በሦስት ቀን ጨረስሁ። በአራተኛው ቀን ሚስተር ሬይ ደውለው፣ “እንዴት እየሄደ ነው?” አሉኝ። “ሊያልቅ ነው” አልኋቸው። ስልኩን ዘግቼ ያንን ጨለማ ጥግ አየሁት። እውነቱን ለመናገር ያነሳሳኝ የእሳቸው መቸኮል አልነበረም። እዚያ ጥግ ምን እንዳለ ማወቅ ፈልጌ ነው። በምድጃው ወገን የሞከርሁት ፈሳሽ ሠርቷል፤ እዚህም ይሠራል አልሁ። በአዲስ ቦታ ከመጀመር በፊት ከዳር ትንሽ ነጥብ ላይ መሞከር ግዴታ ነው፤ አልሞከርሁም።

ጥጡን ሳንከባልለው መጀመሪያ ቢጫ ወጣ። ቀጥሎ ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ሆነ። ምግብ ቤት ውስጥ የኖረ ሥዕል ስለሆነ የኩሽና ጥቀርሻ ነው አልሁ። ከሥሩ ትከሻ ብቅ አለ። የሰው ትከሻ፣ ዝናብ ያረጠበው ካፖርት። እጄን ማንሳት ሲገባኝ ቀጠልሁ። ያን ቀንና የማግስቱን ቀን ሙሉ ሠርቼ አንድ ሰው አወጣሁ። በሩ ላይ የቆመ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ የያዘ፣ ገና የገባና ማንም ያላየው ሰው። ፊርማው ጋ ለመድረስ ሁለት ጣት ሲቀረኝ መሽቶብኝ አቆምሁ።

ሚስ ኢልዘ በሳምንቱ በከዘራ መጡ። እኔ ጥሩ ውጤት እንዳመጣ ተማሪ ቆሜ እጠብቃለሁ። አዩት። ወንበር ሳቡ፤ ሰዓታቸውን ሙሉ ተቀመጡ። እስኪጨርሱ ቆሜ ቆየሁ። ከዚያ፣ “ብልቃጡን አምጪ” አሉኝ። ጥጦቹን ነጭ ወረቀት ላይ ዘረገፏቸው።

“ይሄን ሰማያዊ ስታዪ ምን አልሽ?”

“ጥቀርሻ መሰለኝ።”

“‘መሰለኝ’ን የት ጻፍሽው?”

ደብተሩን ገለጡት። ከሄዱ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍሁበትም።

ማጉያ መስታወቱን ሰጥተውኝ ፊርማው አጠገብ ሳልነካት የቀረችውን ቦታ አሳዩኝ። ያ ሰማያዊ ግራጫ እዚያ ከፊርማው ሥር ነበረ። ሠዓሊው ሥዕሉን ጨርሶ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ካደረቀው በኋላ ያንን ቀለም በስሱ ደርቦበታል፤ ስሙንም የጻፈው በላዩ ላይ ነው። ምድጃው አጠገብ ከሚያጨሰው ሰውዬ ፒፓ ተነስቶ በጣሪያው ሥር እየተሳበ እስከ በሩ የሚደርስ የትምባሆ ጢስ ነበር። በምድጃው ወገን ጢሱ ከቫርኒሹ ሥር ስለነበር አልተነካም፤ በበሩ ወገን ግን እኔ ያጠብሁት ጢሱን ነው። እናቴ ቤት ጢስ ውስጥ አድጌ ጢስ አላወቅሁም።

እንደገና ሥዕሉን ሳየው ምን እንዳጠፋሁ ያኔ ገባኝ። ያ ሙቀት የነበረው ቤት በበሩ ወገን ብርድ የገባበት መስሏል። የካርታ ተጫዋቾቹ ፊት ከእንጨት እንደተጠረበ ደርቋል።

ሚስ ኢልዘ ስልኩን አንስተው ሚስተር ሬይ ጋ ደወሉ። “አንድ ነገር ተበላሽቷል” አሏቸው። “ከሠዓሊው ቀለም የተወሰነውን አንስቼዋለሁ። እጄ ስቶ ነው። መጥተው እንዲያዩት እፈልጋለሁ።”

እጄ ስቶ ነው አሉ። እኔ ሁለት ክንድ ርቄ ቆሜ ነበር። ጥጦቹን ከወረቀቱ እየለቀምሁ ወደ ብልቃጡ መለስሁ። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ሳያዩ፣ “ስቱዲዮው እኔ ነኝ። ያበላሸውም ስቱዲዮው ነው” አሉ።

የዚያን ዕለት ለአልማዝ ነገርኋት።

“ታዲያ አሁን ሰውየው ጋ ሄደሽ እኔ ነኝ ልትዪ ነው?” አለችኝ።

“ማለት የለብኝም?”

“ጽጌ፣ ሴትየዋ ራሷ ሸፍናሽ የለ እንዴ። አርፈሽ ሥራሽን ያዢ። ሌላ ሥራ በቀላሉ ታገኚያለሽ መሰለሽ?”

አርፌ ሥራዬን ያዝሁ።

ሚስ ኢልዘ አልጮኹብኝም፤ የቀጡኝ በሌላ መንገድ ነው። ለአንድ ሳምንት ምንም ሥራ አልሰጡኝም። በየቀኑ አንድ ሰዓት ሥዕሉ ፊት እንድቀመጥና ሦስተኛውን ዓምድ ብቻ እንድሞላ አዘዙኝ። በመጀመሪያው ቀን አምስት ነገር ጻፍሁ። በሦስተኛው ቀን ገጽ አለቀ። ሰውየው ማን ነው? ካፖርቱ ረጥቧል፤ ጫማው ግን ለምን ደረቀ? ባርኔጣውን ያወለቀው ለማን ነው? በእናቴ ቤት ባርኔጣውን አውልቆ በራፍ ላይ የሚቆም ሰው ሊጠጣ አልመጣም፤ የሚፈልገው ሰው አለ ማለት ነው። ታዲያ ይሄ የሚፈልገው ማንን ነው?

በአራተኛው ቀን ዓይኑን ተከተልሁት። ከካርታ ተጫዋቾቹ ራስ በላይ ያልፍና ማንቆርቆሪያ የያዘችው ሴት ላይ ያርፋል። የእሷን ዓይን ተከተልሁ። እሱ ላይ ያርፋል።

ሚስ ኢልዘን ጠራኋቸው። “ተሳስቼ ነበር” አልኋቸው። “ጠብ አይደለም የምትጠብቀው። ካርታ ተጫዋቾቹንም አታያቸውም።”

ከሳጥናቸው ክር አወጡ። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እሳቸው ይዘን፣ ሸራውን ሳንነካ ከዓይን ወደ ዓይን ወጠርነው። የሁለቱ እይታ አንድ መስመር ላይ ገጠመ። ሚስ ኢልዘ ከዘራቸውን ረስተው በአንድ እግራቸው ቆመው ቀሩ።

“ታዲያ ለምን ሸፈነው?” አሉ። ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው ነበር የሚናገሩት።

ሚስተር ሬይ ሐሙስ ዕለት መጡ። ዓይናቸው በቱቦ እንደሚያይ ሰው ነበርና ሥዕሉን በቁራሽ በቁራሽ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አዩት። ከንፈራቸው ይቆጥራል። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

“አሥራ ሁለት” አሉ።

ሚስ ኢልዘ የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው፤ ጢሱን፣ ፊርማውን፣ የሁለቱን ዓይን። ያልነገሯቸው ማን እንዳጠበው ብቻ ነው። ሚስተር ሬይ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን አፍንጫቸው ሸራውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ።

“ሠላሳ ዓመት ሥሩ ተቀምጬ በላሁ። እዚህ ቆሞ ነበር ማለት ነው?”

“ቆሞ ነበር” አሉ ሚስ ኢልዘ።

“ባሏ ይሆናል። ከሩቅ መጥቶ።”

“ወይም ወንድሟ። ወይም ሠዓሊው ራሱ። እኔ ግን እንዲህ ይመስለኛል፤ የደስታ ቤት ሊሥል ተነሳ፤ ይሄ ሰው ሲገባ ሥዕሉ የሁለት ሰዎች ሥዕል ሆነበት። ስለዚህ በጢስ መለሰው። ምርጫው የእሱ ነበር። ጢሱን መልሰን መሥራት አለብን። ጽዳቱ ሳይጀመር ያነሳነው ፎቶግራፍ አለን፣ ፊርማው አጠገብ የቀረው ናሙና አለን። በቀላሉ ሊነሳ በሚችል ቀለም እንሠራዋለን።”

ሚስተር ሬይ ቀና አሉ። “ገና አሁን አገኘሁትኮ። መልሳችሁ ልትወስዱብኝ ነው?”

“ሠዓሊው ነው የወሰደው።”

“ሠዓሊው ሞቷል። እኔ ደግሞ ዓይኔ እየሄደ ነው። ትንሽ ልየው።”

ሚስ ኢልዘ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሥራ ሳይጨርሱ የመለሱበት ቀን እንደሌለ አውቃለሁ። ያልጨረሱትን ሥዕል በጓሮ በር እንኳ አያስወጡም ነበር። ሻያቸውን ከፍተው ጠጡ፤ ቀዝቅዞ ነበር።

“ጢሱ ይመለሳል” አሉ በመጨረሻ። “ዛሬ ይመለሳል ግን አላልሁም። እርስዎ ማየት የቻሉትን ያህል ይዩት። ማየት ያቆሙ ቀን ያምጡልን።”

በዚሁ ተስማምተው ፈረሙ። ሚስተር ሬይ አሥራ ሁለቱን ሰዎች ብርድ ልብስ ጠቅልለው በልጃቸው መኪና ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ሥራ የበዛባቸው ነበሩ። ብዙ ሸራ ወጠርሁ፣ ጎርፍ ያበላሸውን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አደረቅሁ፣ እሳት የላሰውን አጠብሁ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሦስተኛውን ዓምድ ሳልሞላ ጥጥ አንስቼ አላውቅም። ሚስ ኢልዘ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ለእኔ እየነገሩ ያሠሩኝ ጀመር፤ ከወንበራቸው ሆነው፣ “አሁን እጅሽን አንሺ” ሲሉኝ አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ከአምስት ዓመት በፊት አረፉ። ለቀብራቸው የመጣነው አሥር አንሞላም፤ አልማዝ ከሎረል ድረስ ነድታ መጥታ ከጎኔ ቆመች።

ስቱዲዮውን የገዛው አዲሱ ኃላፊ ወጣት ነው፤ የተማረ ነው፤ ሰው ያከብራል። ከቀለም በታች ያለውን የሚያሳይ ካሜራ አመጣ። የመጀመሪያ ቀን ሲያሳየኝ ያንን ሰው አሰብሁ። ይህ ካሜራ ያኔ ቢኖረን አንድ ጥጥ ሳይነካው ሰውየውን ባየነው ነበር፤ ጢሱም በቦታው ይቀር ነበር። ሙያው እንዲህ ተለውጧል። አይከፋኝም።

ጡረታ ልወጣ አንድ ወር ያህል ሲቀረኝ የሚስተር ሬይ ልጅ ደወለች። “አባቴ ጢሱ ይመለስ ብሏል” አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም፤ አላስፈለገም። ሥዕሉን ካየነው አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ሥዕሉንም እሳቸውንም ይዛ መጣች። ሰማንያ ሞልቷቸዋል፤ ክንዷን ይዘው ገቡ። አጠገቤ ወንበር ሰጠኋቸው። ጢሱን የሠራሁት በአራት ሐሙስ ነው፤ አራቱንም መጡ። መጀመሪያ በሥዕሉ ላይ አዲስ ቫርኒሽ ቀባሁ፤ ወደፊት የእኔን ሥራ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ከሠዓሊው ቀለም ሳይደርስ እንዲያነሳው ነው። ከዚያ ከሦስት ፀጉር በማትበልጥ ብሩሽ ጢሱን በነጥብ በነጥብ መለስሁት።

“አሁን የት ነሽ?” ይሉኛል።

“ትከሻው ላይ።”

“ከውስጡ ይታያል?”

“ገና ይታያል። ጭጋግ ውስጥ እንደቆመ ሰው።”

“ጫማው ለምን እንደደረቀ ደረስሽበት?”

ስለ ጫማው የጠየቅሁት በደብተር እንጂ በአፌ አልነበረም። ሚስ ኢልዘ ነግረዋቸው ይሆናል። “አልደረስሁበትም” አልኋቸው።

“እኔም አልደረስሁበት። አንድ ክረምት ሙሉ አስቤበታለሁ።”

በአራተኛው ሐሙስ ፊቱ ላይ ደረስሁ። “ዓይኑ ብቻ ቀርቷል” አልኋቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ስጨርስ፣ “አልቋል፣ አሁን ጢስ ነው” አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጥሎ ያለው በሥዕሉ ላይ የሠራነውን የሚዘረዝረው ሪፖርት ነው። በሕጉ መሠረት ባለቤቱ አንብቦ መፈረም አለበት፤ ሚስተር ሬይ ማንበብ ስለማይችሉ እኔ ላነብላቸው ነበር። የመጀመሪያው ሪፖርት በሚስ ኢልዘ እጅ የተጻፈ ነው፤ “በጽዳት ወቅት የሠዓሊው የላይ ቀለም በስቱዲዮው ስህተት ተነስቷል” ይላል። እኔ አዲሱን ስጽፍ ያንን መስመር ሦስት ጊዜ ገልብጬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። አራተኛ ላይ የጻፍሁትን ነው ያነበብሁላቸው።

“በመጀመሪያው ጽዳት ጊዜ፣ ኃላፊዋ በሌለችበት፣ ከትእዛዟ ውጪ፣ ሳይሞከር፣ ጢሱን ያነሳሁት እኔ ነኝ።”

ልጃቸው ወደ እኔ ዞረች። ሚስተር ሬይ አልተንቀሳቀሱም።

“አሮጊቷ አይደሉም?”

“አይደሉም። እኔ ነኝ።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ሥራዬን ፈርቼ ነው።”

“ከዚያስ በኋላ? እሳቸው ካለፉ በኋላስ?”

መልስ ፈለግሁ። ያገኘሁት እውነተኛ መልስ አንድ ብቻ ነው። “ከዚያ በኋላ ለመድሁት” አልኋቸው።

ልጃቸው ካፖርታቸውን ልታነሳ እጇን ዘረጋች፤ በእጃቸው መለሷት።

“ቀጥዪ፣ አንብቢ” አሉኝ።

እስከ መጨረሻው አነበብሁ፤ የቀለሙን ዓይነት፣ የቫርኒሹን ስም፣ ሥዕሉ ምን ያህል ብርሃን እንደሚችል። ስጨርስ ብዕሩን ጣታቸው ላይ አስያዝኋቸው፣ የሚፈርሙበትንም ቦታ አሳየኋቸው። አልፈረሙም።

“አንድ ነገር ይቀረዋል” አሉ። “ባለቤቱ ሰውየውን አሥራ ሦስት ዓመት አይቶታል ብለሽ ጨምሪበት።”

እንዲህ ያለ ነገር በሪፖርት አይጻፍም። አዲሱ ኃላፊ ቢያየው ያስወጣዋል። እኔ ግን ወረቀቱን ወደ ራሴ ስቤ ከታች ጻፍሁት፤ ጮክ ብዬም አነበብሁላቸው። ሚስተር ሬይ አዳምጠው ፈረሙ። በሙያዬ የጻፍሁት የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው።